ቢስሚላህ ሳይል የበላው ሰውዬ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ለመጻፍ የምደፍር ሰው አልነበርኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ በማታው ትምህርት ነው። ዛሬም ሀሌታው ሀ የት፣ ሐመሩ ሐ የት እንደሚገባ ሲጠፋኝ ፊቴ የመጣውን አስቀምጣለሁ። የተሳሳትኩትን እያረማችሁ አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ ሰፈራችን ሰው ስለ ሚስባህ ነው። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍለት ቢገኝ ዝም እል ነበር።

እኔ ሥርጉት እባላለሁ። ደሴ፣ ኪዳኑ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ቆሎ እሸጣለሁ። ፊልሙ ከመጋረጃው ውስጥ ነው፣ እኔ ከመጋረጃው ውጪ ነኝ። ስለዚህ ፊልም ሰምቼ እንጂ አይቼ አላውቅም። ውስጡ ወንድ የሞላበት ነው፣ አፍራለሁ። ደግሞስ ቆሎዬን ማን ይጠብቅልኛል? እኔ የማውቀው የሚስባህን ድምፅ ነው።

ሚስባህ በአዘቦት ቀን ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጫኝና አውራጅ ነው። ጠዋት የሐረጎን ተራራ በጭጋግ ይወርዳል፣ ሲመሽ በጭጋግ ይወጣል። እሁድ እሁድ ግን ተርጓሚ ነው። የፈረንጁ ፊልም ሲከፈት ከፊት ይቆምና እነሱ የሚሉትን በአማርኛ ይላል። እንግሊዝኛ ያውቃል ወይ ብትሉኝ፣ እኔም ጠይቄው ነበር።

«አፋቸውን ትቼ ፊታቸውን ነው የማየው» አለኝ። «የራበው ሰው ምን ሊል ነው? እንጀራ አምጡ ነው የሚለው።»

የሚወደው አንድ ዓይነት ፊልም ነው። እንዲሁ እንደኛ ያለ ሰው፣ ቧንቧ ጠጋኝ ይሁን ደብዳቤ አዳይ፣ በሆነ ጉድጓድ ወይም በመስታወት ይገባና ሌላ ዓለም ላይ ይወጣል። እዚያ ዛፉ ይናገራል፣ ጨረቃዋ ሁለት ናት። የዚያ ዓለም ንጉሥ በሚስባህ አፍ «አብሽር ልጄ፣ ምንም አትሆንም» ሲል እኔ ውጪ ብቻዬን እስቃለሁ። «ንጉሡ የእኛው የኩታበር ሰው ነው እንዴ?» ይላል አንዱ ከውስጥ።

ሚስባህን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው። ፊልሙ አልቆ ሲወጣ ቆሎ እየዘገነ ይጠይቀኛል።

«ሥርጉት፣ ያ ሰውዬ ሲጠፋ ሥራው ላይ ማንን አስገቡ? የቤቱን በር ማን ዘጋው? እናቱስ ምን ተብሎ ተነገራት?»

«እኔ ምን አውቄ» እለዋለሁ። ቤቴ እስክገባ ግን እሱኑ ሳስብ እሄዳለሁ። እውነትም እናቱ ምን ተባለች?

አንድ እሁድ የሚስባህ እናት እትዬ ረሂማ የቤት ቁልፍ ሊሰጡት መጡ። መጋረጃውን ገለጥ አድርገው እዚያው ቆመው ቀሩ። ለካ የፊልሙ ሰውዬ ሌላው ዓለም ላይ ግብዣ ቀርቦለት ኖሯል። እትዬ ረሂማ ጮኹ።

«ቢስሚላህ በል ልጄ! የጅን ማዕድ ነው፣ ዝም ብለህ ከበላህ እዚያው ቀረህ!»

ሚስባህ ምን ያድርግ፣ በሰውዬው አፍ «ቢስሚላህ» አለ። ያን ጊዜ ማዕዱ ከነገበታው ብን ብሎ ጠፋ! ፊልሙ ራሱ እንደዚያ ነበር አሉ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ሊፈርስ ደረሰ። ኪዳኑ ደግሞ ክርስቲያን ነውና «እንዲህ ከሆነማ በስመ አብም ይበል!» አለ። ሚስባህም «በስመ አብ» አለለት። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰውዬ ሌላ ዓለም ሄዶ እህል ሲቀርብለት፣ ቤቱ በሙሉ ሁለቱንም ሳያስብለው አያስበላውም። ቀድመው የሚጮኹት እትዬ ረሂማ ናቸው፤ ለዚሁ ብለው እሁድ እሁድ መምጣት ጀመሩ።

በቅርቡ ሚስባህ ዓረብ አገር ሊሄድ ነው ተባለ። በደላላ፣ በበረሃው መንገድ። መኪናው የሚነሳው ሰኞ ጠዋት ነው። እናቱ ሂድም አላሉ፣ ቅርም አላሉ።

በዋዜማው እሁድ ሚስባህ ገና ሳይገባ አጠገቤ ቆመ።

«የዛሬውን ፊልም አላየሁትም፣ አዲስ ነው» አለኝ። «ሰውዬው አገሩ ይመለስ እንደሆነ አያለሁ። ከተመለሰ እኔም እቀራለሁ። እዚያው ከቀረ እሄዳለሁ።»

«በፊልም?»

«በሌላ በምን ላውቅ?» ብሎ ሳቀ። «አንቺስ ዛሬ አትገቢም?»

«ቆሎዬስ?» አልኩት።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰውዬው የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ ጭጋግ ውስጥ ይነዳና ሲወጣ ሌላ ዓለም ላይ ነው። «ልክ ሐረጎ ላይ!» አለ አንዱ። ተከበረ፣ ካባ ለበሰ፣ ማዕድ ቀረበለት። ሁሉም እትዬ ረሂማን ነው የሚጠብቁት። እሳቸው ግን ምንም አላሉም።

«እማ፣ በይ እንጂ» ሲል ሰማሁት ሚስባህን።

«እኔ እዚያ ማዕድ ላይ አለሁ?» አሉ። «ራሱ ይበል።»

ከዚያ የሚስባህ ድምፅ ጠፋ። የፈረንጁ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። መጋረጃውን ልግለጠው አልግለጠው እያልኩ ሳለ ኪዳኑ ጮኸ።

«ኧረ በላ! ሳይል በላ! ሚስባህ፣ አንተ ምን ነክቶህ ነው?»

ወዲያው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ የተበላሸ ነው። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ አልመጣም። ሰዉ «እንግዲህ እዚያው ቀረ» እየተባባለ ወጣ። እትዬ ረሂማም ሳያናግሩኝ ሄዱ። ሚስባህ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ቆሎ አልዘገነም።

«ረሳሁት» አለኝ። «ወላሂ ረሳሁት። ሰውዬውን እዚያ ጥዬው መጣሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ቀድሜ ወጣሁ። የመናኸሪያው መንገድ በእኛ በኩል ስለሆነ ሲያልፍ ልሰናበተው ብዬ ነው። እሱ ግን ሻንጣውን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ኪዳኑ በር ላይ ተቀምጧል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል።

«መኪናውስ?»

«እየጠሩኝ ነው።»

«ታዲያ ምን ትሠራለህ?»

«መብራት መጥቷል፣ ኪዳኑን ቀስቅሼዋለሁ። ሰውዬውን ሳልመልሰው የት እሄዳለሁ?»

ኪዳኑ እያዛጋ ከፈተ። እትዬ ረሂማ ስንቅ ቋጥረው ወደ መናኸሪያው ሲያልፉ ልጃቸውን አዩት። ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም ቆሎዬን ውጪ ጥዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋረጃውን ገለጥኩ።

ሰውዬውን አየሁት። በሚስባህ ድምፅ ስለማውቀው ወጣት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ራሰ በራ ቦርጫም ነው! አፉ ሙሉ ነው። ሚስባህ ሪሞቱን አንስቶ ወደ ኋላ መለሰው። ጉርሻው ከሰውዬው አፍ ወጣ፣ ወደ እጁ ተመለሰ፣ ከእጁም ወደ ማዕዱ።

«አጃኢብ!» አሉ እትዬ ረሂማ።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሚስባህ አጠፋው። ፊልሙን ለቀቀው፤ ሰውዬው እጁን ወደ ማዕዱ ሲዘረጋ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቢስሚላህ» አለ።

«በስመ አብም» አለ ኪዳኑ ከኋላ።

ሰውዬው ይመለስ እንደሆነ ልናይ ተቀመጥን። እትዬ ረሂማ ስንቁን ፈቱና በሶውን ለአራታችን አካፈሉን።