ትርንጎ ያነሳቻቸው ሰዎች

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ

ክረምት ነው። ጉሙ ከአውቶብሶቹ ጣሪያ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ዳቦና ሙዝ ገዝቼ የቢቸና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። አምና ለአምስት ተማሪዎች አሮጌ ካሜራዎቼን ሰጥቼ «የየአገራችሁን ሰው አንሱ» ብያቸው ነበር። አራቱ ሥራቸውን አምጥተዋል። ከዲማ ወዲያ ያለችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ትርንጎ ግን ትናንት ደወለች። «ጋሼ፣ ይድረሱልኝ፤ ካሜራውን ሊያስጥሉኝ ነው።»

3 ሰዓት፣ ቢቸና

ጭቃ፣ የእህል ጆንያ፣ ትኩስ ሻይ። ወደ መንደሩ የሚወስደኝ ባለባጃጅ የማን ቤት እንደምሄድ ጠየቀኝ። የትርንጎ ስለው ፈገግታው ጠፋ።

«ካሜራ ይዘዋል እንዴ? እኔን እንዳያነሱኝ አደራ!»

6 ሰዓት፣ መንደሩ

ትርንጎ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወንዙ ዳር ጠበቀችኝ። የጤፍ ማሳውን ስናቋርጥ አረም የሚያርሙት ሰዎች አንድ በአንድ ቀና አሉና ጀርባቸውን ሰጡን። ሰላምታዬን የመለሰ የለም። በጉሙ ውስጥ የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ ነገሩን ያስረዱኝ እናቷ እትዬ የሺ ናቸው። እዚህ ለቅሶ ላይ የሟቹን ፎቶ ይዘው ያለቅሳሉ፤ ፎቶ ከሌለው ልብሱን። ትርንጎ «ሳያመልጡኝ» ብላ ከሽማግሌዎቹ ጀመረች። ሦስቱ በዚህ ክረምት ተከታትለው ሞቱ፤ የተለቀሰባቸውም እሷ ባነሳቻቸው ፎቶ ነው። በሦስተኛው ለቅሶ ላይ ሰዉ ፎቶውን ትቶ እሷን ያይ ጀመር።

«ሰማንያ ያለፋቸው ሰዎች ናቸው እኮ! ካሜራው ምን አደረገ?» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤት እንዲሰማ ብዬ ነው።

እትዬ የሺ ተነሱ፤ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«ነይ አንሽኝ። ልጄን ሰው ሲሸሻት ከማይ የመጣው ይምጣ።»

ከአጥሩ ወዲያ ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ ሰዎች ቆመዋል። ካሜራው ቀጭ አለ።

8 ሰዓት፣ ወንዙ ዳር

ሰዎቹ ራቅ ብለው፣ እዚህ ቆሞ ሲጠብቀኝ እስከ ነበረው ባጃጅ ድረስ ተከተሉን። ገብቼ ተቀመጥኩ። ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እርስዎም ይነሱልኝ። ሰዎቹ እያዩ። እርስዎ ከተነሱ ያምኑኛል» አለችኝ።

ካሜራውን አነሳች። ሌንሱ ላይ ትንሽዬ ፊቴ ታየኝ። እጄ ከየት መጣ ሳልለው ፊቴን ሸፈነ።

«ጭቃ በጭቃ ሆኛለሁ... ሌላ ጊዜ» አልኩ። ወይ ውርደት! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ስል የኖርኩ ሰውዬ!

አላለቀሰችም። ማንጠልጠያውን ከአንገቷ አውጥታ ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«ይውሰዱት» አለችና ብቻዋን ወደ ሰዎቹ ተመለሰች።

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ

ቤቴ ገባሁ። ነገ ተመልሼ ሄጄ እነሳላታለሁ፤ ለራሴ ምያለሁ። ካሜራው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሌንሱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ።