ከጊዮርጊስ ያልተቀዳው ጀሪካን

በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ወይዘሮ ከበቡሽ ዓይናቸውን ከጎናቸው ከተቀመጠችው ወጣት ላይ መንቀል አቃታቸው። ታክሲ ውስጥ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሰው አይተው አያውቁማ! ልጅቷ በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በጃንጥላ ትከላከላለች። እግሯ ላይ ሰፊ የወንድ ነጠላ ጫማ፣ እግሯ ሥር ጋቢ የታጨቀበት ፌስታል፤ ጭኗ ላይ ደግሞ በሻሽ የተሸፈነ ቢጫ ጀሪካን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች።

ወይዘሮ ከበቡሽ ጀሪካኑን ሲያዩ የጉልበታቸው ሕመም ትዝ አላቸው።

«የኔ ልጅ፣ ጠበሉ ከጊዮርጊስ ነው?»

«አይ እማማ፣ ከቤት ነው።»

«ቤትሽ ፈለቀ? እሰይ! በይ ለዚች ጉልበቴ ጠብ አድርጊልኝ» ብለው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

ልጅቷ ጀሪካኑን ወደ ራሷ ሳበች። «ሽንት ነው እማማ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምኩት።»

ረዳቱ ማንም ሳያዘው መስኮት ከፈተ።

«ሉፐስ አለብኝ» አለች እየሳቀች። «ሰውነቴ ጠላት ያገኘ እየመሰለው ከራሱ ጋር ይጣላል፤ ፀሐይ ደግሞ ያባብስበታል። አሁን ኩላሊቴ ላይ ዘምቷል። ሽንቴ አረፋ በአረፋ ሆነ፣ እግሬ አብጦ የባሌን ጫማ አደረግሁ። ሐኪሙ ‹ሽንትሽን ይዘሽ ነይ፣ ጋቢም አትርሺ› ብሎኛል።»

ወይዘሮ ከበቡሽ ጋቢውን አዩ፤ ለካ ልጅቷ ሆስፒታል ልትተኛ ነው።

ልጅቷ ወራጅ ብላ ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ከጀሪካኑ ሸሸ። እሳቸው ግን ጀሪካኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት፤ ወርዳ እስክትቆም ያዙላትና «ማርያም ትማርሽ!» ብለው መለሱላት።

በሩ ሲዘጋ ጀሪካኑን የያዘው እጃቸው፣ ጠበል እንደነካ ሁሉ፣ በልማድ ወደ ጉልበታቸው ወረደ።

«ኧረ ማዘር!» ብሎ ጮኸ ረዳቱ።