የወተት ዱቄት አለበት

የመጀመሪያው ምልክት ብርድ ነበር። የሰሊጥ አጨዳው አልቆ ሠራተኛው ወደየአገሩ ሲበተን፣ ባለቤቴ ለምለም በቀትር ጋቢ ጠየቀችኝ። የገዳሪፍን ቀትር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ወባ ነው አልን። በስደተኞቹ ካምፕ የሚያተኩስ ሁሉ ወባ ነው። ክኒኑን ወሰደች፤ ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ተወት አደረጋትና ተመለሰ። እንደገና ወሰደች። እንደገና ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው ለበሽተኛና ለአስታማሚ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ለረጅም ጊዜ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ያላየሁትንና ያላጣራሁትን አልጨምርበትም። ከዚህ በሽታ የዳነም የሞተም አይቻለሁ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ከሑመራ የወጣነው ጦርነቱ በተነሳ ሰሞን፣ ተከዜን ተሻግረን ነው። ልጃችን ዮናስ ከኋላችን ይመጣ ነበር። አልመጣም። በድንበሩ ጠየቅን። በወድ ኤል ሒለው ጠየቅን። እኔ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። አየሁት ያለ የለም፤ ሞቷል ያለም የለም። ያን ጊዜ ለምለም ስለት ገባች፤ ዮናስ እስኪገኝ ድረስ አንዲት ጾም ላትገድፍ። «ሌላ የምሰጠው የለኝም» አለችኝ። እኔ በበኩሌ ጸሎት ትቼ ነበር። ተጣልቼ አይደለም። ዝም ብሎ ቆመ።

በክረምቱ ለምለም ከካምፑ ሴቶች ጋር ለአረም ወደ ሰሊጥ እርሻ ሄዳ ግራር ሥር አድራለች። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትኖረው እዚያ ነው፤ መረሬው አፈር ሲደርቅ በሚፈጥረው ስንጥቅና በግራሩ ቅርፊት። ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትመጣ ድምፅ የላትም። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

ከዚያ ሰውነቷ እየከሳ ሆዷ ወጣ። ጎረቤቶቻችን ቀለዱባት።

«ለምለሜ፣ ሳትነግሪን?»

«ሣራን ልሆን ነዋ» አለችና ሳቀች።

ያበጠው ጣፊያዋ ነበር። ነስር ሲጀምራት ሳቁ ቀረ።

ከገዳሪፍ በስተደቡብ ካላዛር ለሚባለው ጣፊያ የሚያሳብጥ በሽታ አንድ ማከሚያ አለ። ጦርነት ወደ ሱዳንም ከገባ ወዲህ ነዳጅ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ማሽላ የጫነ መኪና ላይ ጆንያ አንጥፌ አስተኛኋት። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ሆዷን በጣቶቹ ጫን ጫን እያደረገ የጣፊያዋን ጠርዝ ፈለገና በእስክሪብቶ አሰመረበት። መስመሩ ከጎድን አጥንቷ ተነሥቶ ከእምብርቷ በታች ወረደ። ከጣቷ በወሰደው ደም ፈጣን ምርመራ አደረገላት።

«ኡስታዝ፣ ይህ ወባ አይደለም» አለኝ፤ ሱዳኖች የተማረን ሰው የሚጠሩት እንዲህ ነው። «ካላዛር ነው። ካልታከመ ይገድላል። ዘግይታችኋል።»

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት እና ፓሮሞማይሲን። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ይወጋል። በጣም ያማል። ያስመልሳል። ሐኪሙ አልሸሸገንም፤ መርፌው ራሱ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። «ስለዚህ መብላት አለባት» አለ። «ያልበላ ሰው ይህን መድኃኒት አይችለውም።»

ለከሳ በሽተኛ የሚሰጠው በትንሽ ማሸጊያ የሚመጣ የለውዝ ቅባት ነው። ለምለም ወደደችው። ጣፋጭ ነው፤ ሳታላምጥ ትውጠዋለች። በዚያው ሰሞን ሁዳዴ ገባ። የምትረዳን ነርስ እንደኛው ስደተኛ ናት፤ «ለውዝ እኮ ነው፣ የጾም ነው፣ ብዪ» አለቻት። ለምለም ማሸጊያውን ወደ እኔ ዘረጋች።

«አንተ አንብብልኝ።»

ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። አነበብኩት። ለውዝ። ስኳር። ዘይት። የወተት ዱቄት።

ማሸጊያውን አጥፋ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ አልነካችውም።

ነርሷ ወደ ውጭ ጠራችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህን በንባብ ልትገድላት ነው? ሦስቱን አንብበህ አራተኛውን ብትውጠው ምን ነበረበት?»

በእኔና በለምለም መካከል አንድ ደንብ አለ። ስለ ዮናስ የሰማሁትን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር እነግራታለሁ። እንቅልፍ የምትተኛው በዚህ ነው። በወተት ዱቄት ብዋሻት፣ በሚቀጥለው ቀን ስለ ልጇ «ምንም አልሰማሁም» ስላት አታምነኝም።

ፉል አመጣሁላት። አስመለሳት። ምስር በውኃ አቀጠንኩላት። አስመለሳት። በሽተኛ ከጾም ነጻ ነው ብዬ ተከራከርኳት። «እሱ ለጾም ነው፤ ይኼ ስለት ነው» አለች። «ነፍስ አባቴ ካልፈቱኝ ማን ይፈታኛል?» ነፍስ አባታችን ከድንበሩ ማዶ ናቸው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። የምናውቃቸውን ሰዎች ስልክ ሁሉ ሞከርኩ። አንዱም አልሠራም።

ክንዷ ቀጠነ። ድምፅዋ ሰለለ። ሐኪሙ የልቧን ምት አዳመጠ። ቆየት ብሎ ደግሞ አዳመጠ።

«እስከ ነገ ካልበላች መርፌውን አቆማለሁ» አለኝ።

«ካቆምክ ምን ይሆናል?»

«ታውቀዋለህ» አለ።

አውቀው ነበር።

በወንዶቹ ክፍል «ቄስ ነኝ» የሚል በሽተኛ እንዳለ የነገረችኝ ያችው ነርስ ናት። ሄድኩ። ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ የመጡ፣ የተቀደደ ጀለቢያ የለበሱ፣ ጥምጥም የሌላቸው ሰው ናቸው። ቄስ አዳነ ይባላሉ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ ድዳቸው ይደማል። የቆላ ቄስ እንደማንኛውም ገበሬ ማጭድ ይዞ ይሻገራል፤ ያ አላስገረመኝም። ሆኖም ቄስ ነኝ ያለ ሁሉ ቄስ አይደለም። እሳቸውን ከማነጋገሬ በፊት ከአገራቸው የመጡ ሁለት በሽተኞች ፈልጌ ለየብቻ ጠየቅሁ። አንዱ ከእጃቸው ቆርቧል። ሌላው፣ «ያጋቡኝ እሳቸው ናቸው፤ የፈታሁት ግን በራሴ ነው» አለኝ።

ለቄሱ ነገሩን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ስለቱ ለማን ነው?»

«ለእመቤታችን፣ አባ።»

«ደግ። በሉ ውሰዱኝ።»

«አባ፣ እርስዎ እኮ መነሣት አይችሉም።»

«እኔ መች እነሣለሁ አልኩ? ሰሊጥ ላጭድ መጥቼ የታጨድኩ ሰው ነኝ። ነዶ አይሸከሙምን?»

ጠያቂ የመጡ ሰዎች ከነአልጋቸው አነሷቸው። አልጋው አንገረብ ነው፤ በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ። ግቢውን በፀሐይ አቋርጠው የሴቶቹ ክፍል በር ላይ አሳረፏቸው። ለምለም ከተኛችበት ቀና ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። አየቻቸው። ጀለቢያቸውን አየች። ከዚያ እኔን አየች።

«ቄስ ናቸው?»

«ናቸው» አልኩ። «አጣርቻለሁ።»

ማሸጊያውን ባነበብኩላት ጊዜ ያየችኝ ዓይነት አስተያየት ነበር። ደጋግማ አልጠየቀችኝም። «ይፍቱኝ፣ አባቴ» አለች።

«ልጄ» አሉ ቄሱ። ድምፃቸው ደካማ ስለነበር ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። «የተሳልሽላት እመቤትም ልጅ ጠፍቶባት ያውቃል። ሦስት ቀን ፈልጋዋለች። ስትፈልገው ግን በእግሯ ሄዳ ነው፤ ተኝታ አይደለም። እግር ያስፈልግሻል። እግዚአብሔር ይፍታሽ። በሰማይ ይህን የሚጠይቅ ቢኖር እኔን ይጠይቅ፤ እኔ ቀድሜሽ እዚያ ሳልደርስ አልቀርም።»

ከዚያ ወተት አምጡ አሉ። ነርሷ ለበሽተኛ የሚበጠበጠውን ወተት በኩባያ አመጣች። ወደ ለምለም ልትወስደው ስትል፣ «ወዲህ» አሉ ቄሱ። አማትበው ጠጡ። በሁዳዴ፣ በቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። አንድ ጉንጭ ነው፤ ለመዋጥ ግን ጊዜ ወሰደባቸው። ከንፈራቸውን በጀለቢያቸው እጅጌ ጠርገው ኩባያውን አሳለፉት።

ለምለም ጠጣች። ግማሹን አስመለሰች። ደግማ ጠጣች።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ምን እንደተደረገ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተው ስለነበር እሱም ጾመኛ ነው። «የኛም ሕግ በሽተኛን ነጻ ያወጣል» አለ። «ግን እኔ ብላት አትሰማኝም።» ከዚያ ነርሷን መርፌውን እንድታዘጋጅ ነገራት።

ቄስ አዳነ ያን ሳምንት አልጨረሱም። ደም መፍሰሱ አልቆም አለ፤ የሚሰጥ ደም አልነበረም። ሐኪሙ ዘግይተው መምጣታቸውን ነገረኝ፤ በእርሻው ላይ ሳሉ ለረጅም ጊዜ የወባ ክኒን ሲወስዱ ኖረዋል። ከግቢው ራቅ ብሎ ቀበርናቸው። የብዙ ሰው ፍትሐት ያደረሱ ቄስ ፍትሐት የሚያደርስላቸው ቄስ አላገኙም። ያጋቡት ሰው «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ ጀመረ። አብሬ አልኩ። ከመሃል ጠፋብኝ። ሌሎቹ ይዘውኝ ጨረሱ።

መጽናናት አልተሰማኝም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰላም ይወርዳል ሲባል ሰምቼ ጠብቄ ነበር። የወረደ ነገር የለም። አፈሩ ደረቅ መረሬ ስለሆነ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ በአካፋው አልቆፈር ብሎ አስቸገረን። ግን በማግስቱም አቡነ ዘበሰማያት አልኩ፤ በዚያን ጊዜ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ደረስኩ።

ለምለም መርፌዋን ጨረሰች። ትኩሳቱ መጀመሪያ በጠዋት፣ ከዚያም በምሽት ተዋት፤ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ጣፊያዋን እየዳሰሰ ከአሮጌው መስመር ከፍ አድርጎ አዲስ ያሰምር ስለነበር፣ ሆዷ ላይ መስመሮቹ እንደ እርከን ተደራረቡ፣ እሷም ስትታጠብ እንዳይጠፉባት በዙሪያቸው ትታጠብ ነበር። ግድግዳ ይዛ መቆም በቻለች ቀን በትከሻዬ ተደግፋ ወደ ቄሱ መቃብር ሄደች፤ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ለእኛ ግን ረፋዱን በሙሉ ወሰደ። ከተመለስን በኋላ ራሷ ለውዙን ጠየቀች።

ወደ ካምፑ ከተመለስን በኋላ ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። ይህ ከካላዛር በኋላ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ የቆዳ ችግር ነው፤ በብዙዎቹ ላይ በራሱ ይጠፋል ብለውናል። የእሷ ገና አልጠፋም። ዮናስም አልተገኘም። መንገዶች ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ለምለም በእግሯ ሄዳ ትጠይቃለች፤ እኔም የሰማሁትን እነግራታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምነግራት ነገር የለም። አሁን ግን የምንተኛው አብረን ጸልየን ነው። እምነቴ ትልቅ ነው ብዬ አልጽፍም። የቆመው ተመልሷል፤ እስካሁን ያጣራሁት ይህን ያህል ነው።

ለሐኪሙ፣ ለነርሷና አንገረቡን ለተሸከሙት ሰዎች ምስጋናዬ እስከ ዕድሜዬ ነው። ለእናንተ የምለው ደግሞ፣ በወባ መድኃኒት ያልለቀቀ ትኩሳት ካለባችሁ፣ በተለይም ሆድ ካበጠ፣ የካላዛር ምርመራ በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ቄስ አዳነን የገደላቸው መዘግየት ነው። በእርሻ ስታድሩ ያለ አጎበር ግራር ሥር አትተኙ። ጠበል ብትጠጡም መርፌውን አታቋርጡ።

ስለ ምግቡ እኔ ከምናገር ለምለም ትናገር። ሁዳዴ ሲመጣ የታመሙና ታማሚ የያዙ ሴቶች ማሸጊያውን ይዘው ወደ ቤታችን ይመጣሉ፤ እዚያ ቤት ያለው ሰውዬ ያለውን ያነባል፣ አይዋሽም ተብሎ ተወርቷል። አነብላቸዋለሁ። ለውዝ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የወተት ዱቄት።

«የወተት ዱቄት አለበት?» ይላሉ።

«አለበት» ትላለች ለምለም ከውስጥ። «ብሉት። አባ ቀድመው ጠጥተውታል።»