ቅቤ የሸተተው ስድስት ጎራሽ

ወደ ኮርያ ከመዝመታችን በፊት ሻለቃችን የሠለጠነው በእንጦጦ ተራሮች ላይ ነበር። የምንሄድበት አገር ገደላማ ነው ስለ ተባለ፣ እግራችን ዳገት እንዲለምድ ተፈለገ። እኔ የሕክምና ክፍል ነርስ ነበርሁ፤ ቁስለኛ በቃሬዛ ማውረድን የተማርሁት በዚያው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የጉዞ ትእዛዝ ተነበበልን። ማንም ወታደር የግል መሣሪያ ይዞ እንዳይዘምት በግልጽ ተከልክሏል።

አሥር አለቃ ደሳለኝ ግን ይዞ ዘመተ።

አባቱ አቶ ወልዴ ከየካ በላይ፣ በተራራው ተዳፋት ላይ ገብስ የሚያርሱ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሱትን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ለልጃቸው ሲሰጡት፣ «ተኩስበት አላልሁህም፤ አውሼሃለሁ። የተዋሰ ሰው ደግሞ ሳይመልስ አይቀርም» አሉት። ደሳለኝ ነገሩ ገብቶታል። አባቱ የፈለጉት ሽጉጡን ሳይሆን መላሹን ነበር።

ግንባር ስንደርስ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ከአንድ ራሰ በራ ኮረብታ ጀርባ መሸግን። ምግባችን የቆርቆሮ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ብርድ የመታውን የወታደሮች እግር ልመለከት ወደ ምሽጉ ገባሁ። ምድጃው ይነድዳል። ወታደር ቱሉ፣ የየካ ልጅ፣ አፍንጫውን ሽቅብ አንሥቶ ያሸትታል።

«እናንተ፣ ዶሮ ወጥ የሠራው ማነው?»

«እዚህ ዶሮ ከየት መጥቶ?» አለው ደሳለኝ፣ ወደ ግድግዳው እንደ ዞረ።

«ዶሮውማ የለም። ኮረሪማውን ግን አትከራከረኝ።»

እውነቱን ነበር። ሽታው ሁላችንንም እየመራ ከደሳለኝ ቦርሳ ዘንድ አደረሰን። ቦርሳው ምድጃው አጠገብ ስለ ነበረ ከሥሩ ቅቤ ይንጠባጠባል። የመቶአችን አዛዥ መቶ አለቃ ታፈሰ ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሽጉጥ አወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሽጉጥ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱንስ አየሁት። ወጥ ወጥ የሚሸተው ለምንድን ነው?»

«እናቴ ናት፣ ጌታዬ።»

ብረት እንዳይዝግ ሞራ መቀባት በአገራችን የታወቀ ነው። የደሳለኝ እናት ግን ለሚዘምት ልጅ ሞራ አነሰባቸው። ከጓዳቸው የተሻለውን፣ በኮረሪማና በኮሰረት የነጠረውን ቅቤ መርጠው፣ ሽጉጡን ውስጥና ውጭ ለቀለቁት። የውጭው ምድጃው አጠገብ ቢቀልጥም፣ የውስጡ ቅቤ በብርዱ እንደ ሻማ ረግቶ፣ ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ከበሮ ቀርቅሮት ነበር።

ምሽጉ በሳቅ ተናጋ። ደሳለኝ ብቻ አልሳቀም። የተያዘ የግል መሣሪያ ወደ ግምጃ ቤት ይላካል፤ ከዚያ የተመለሰ አላየንም።

«ጌታዬ፣ ቅጣቱን ልቀበል» አለ። «ሽጉጡ ግን የአባቴ ነው። ሳልመልስ ብቀር ፊታቸውን አላይም።»

መቶ አለቃ ታፈሰ ከበሮውን ለማዞር ሞከረ። አልዞር አለው። ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዘወር አለ።

«ይህ መሣሪያ ሊባል አይችልም፤ በሽተኛ ነው። ሲስተር፣ ይረከቡት።»

ስድስት ጎራሽ ማድነቅ የጀመርሁት እንዲህ ነው። ቅቤውን ከምድጃው ራቅ አድርጌ በቀስታ አቀለጥሁት፤ ጥጥና አልኮል ይዤ ጎድጓዳውን ሁሉ ጠረግሁ። ቱሉ በአመድ ፈትገን እናብለጭልጨው ብሎ ነበር፤ ከለከልሁት። ያ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት የብረቱ ቆዳ ነው፤ የፈተገው ሰው ዕድሜውን ይገፍፈዋል። የቀንድ እጀታው የአያትና የአባት አውራ ጣት ባረፈበት በኩል ሰርጎድ ብሏል። በአፈ ሙዙ ወደ ብርሃን ስመለከት በውስጡ የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር አንድም ሳይጎድል ታየኝ። ስስ ቫዝሊን ቀብቼ ከበሮውን ባዞርሁት ጊዜ፣ እንደ ጥሩ የኪስ ሰዓት ቀጭ ቀጭ አለ። እንዲያ ያለ ደስታ በዚያ አገር አገኛለሁ ብዬ አልገመትሁም።

ብዙም ሳይቆይ ቱሉ ካፖርቱን ደረቱ ላይ እንደ ያዘ ወደ ሕክምናው ድንኳን መጣ። የአጎቱን አጭር ስድስት ጎራሽ አወጣ።

«ሲስተር፣ የእኔም ታሟል።»

«ምን ነካው?»

«ብቸኝነት።»

ሁለቱን ሽጉጦች በመድኃኒት ሣጥኔ ውስጥ፣ ከፋሻው በታች ጎን ለጎን አኖርኋቸው።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ መድፍ ጀመረ። ከፊታችን ያለውን ኮረብታ እንድንይዝ ታዘዝን። ወጣን። ጭስ ነበር። እስከ ረፋድ ሁለት ጊዜ ተገፋን፤ ሁለት ጊዜ ተመለስን። ቀትር ላይ ኮረብታው የእኛ ሆነ። ደሳለኝ ትከሻውን ቆስሎ በቃሬዛ ወረደ። በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቱሉ ነበር። ቱሉ አልወረደም።

ስንመለስ ከደሳለኝ ጋር እንጦጦን ወጣሁ። አቶ ወልዴ ልጃቸውን ሳይስሙ ሽጉጡን ተቀበሉ። አፈ ሙዙን ወደ ፀሐይ አቅንተው በአንድ ዓይናቸው ተመለከቱ። ከበሮውን ጆሮአቸው ሥር አዞሩ። ከዚያ አሸተቱት።

«ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል» አሉኝ። «ዝገት ግን የለበትም፣ ልጄ።» ልጃቸውን ያቀፉት ይህን ካሉ በኋላ ነው፤ ለረጅም ጊዜም አለቀቁትም።

«ቅቤዬንስ የት አደረሳችሁት?» አሉ እናቱ ከደጃፉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

የቱሉን ሽጉጥ ለእናቱ ወሰድሁ። ዳስሰው መለሱልኝ። «ከጓደኛው ጋር አብሮ ነበር አልሽኝ። አብሮ ይቆይ» አሉ። ይህን ለአቶ ወልዴ ብነግራቸው፣ «እንግዲያው የእኛስ ብቻውን ምን ይሠራል?» ብለው ያንኑ ስድስት ጎራሽ እጄ ላይ አኖሩት።

ከዘመቻው በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተማርሁ፤ ዛሬ ኑሮዬ ቀበና ነው። ሌሎችም ዘማቾች የአባቶቻቸውን ስድስት ጎራሾች አምጥተውልኝ ቁም ሣጥኔ ሞልቷል። በየዓመቱ መስቀል ባለፈ ማግስት፣ ሰማዩ ጥርት ሲልልን፣ እንጦጦ ሜዳ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈን እንደረድራቸዋለን። አንተኩስም። መቶ አለቃ ታፈሰ፣ ዛሬ ሻለቃ ነው፣ የሁላችንንም ስም ይጠራል። የተጠራው ሰው በአፉ አይመልስም፤ የሽጉጡን ከበሮ አንድ ጊዜ ያዞራል። ለቱሉ ደሳለኝ ያዞርለታል።

ከመቶአችን በዚያ ኮረብታ ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ሽጉጥ አልነበራቸውም። የእነርሱ ስም ሲጠራ ሁላችንም በአንድነት እናዞራለን።

ከዚያም የደሳለኝ እናት ይዘውልን የመጡትን የዶሮ ወጥ ድስት ክዳን ያነሣሉ። ቅቤው ያው ነው። ቱሉ ቢኖር ከየካ ድረስ ያሸትተው ነበር።