ኩታበር ላይ የተሰበሰበው አሻራ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ ውስጥ አንድ የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር። ሥራው የገጠሩን ሰው ስለ ውርስና ስለ መሬት ጠይቆ ለሕግ አውጪዎች ሐሳብ ማቅረብ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ቃል በቃል ደግመው ሳያነቡ ቃለ ጉባኤ አይዘጉም። በዘጋቢነት ዘመኔ የነገሩኝን ሳላጣራ የጻፍኩላቸው ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው።

ኩታበር በተደረገው ስብሰባ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ተነሡ። ወንድ ልጅ የላቸውም። የባላቸው ወንድም «ሴት በሬ አትጠምድም» እያለ መሬታቸውን ሊወስድባቸው ነው።

«ሕግ ከተጻፈ፣ መሬቴን በማን እንደማሳርስ እኔ ልወስን» አሉ። አንድም ቃል ሳላስቀር ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

ሲያበቃ የኮሚቴው ጸሐፊ ስም እየመዘገበ ጣት ያስነካ ጀመር። ሴትየዋ አውራ ጣታቸውን ሻሻቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«እማማ፣ ምሳ የሚበላው የፈረመ ነው» አላቸው።

«ምሳህን ጅብ ይብላልህ!» ሰዉ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ። ምን ይላል?»

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። «የተገኙ ሰዎች ዝርዝር» ከሚለው በቀር የስም መደዳ ብቻ ነው።

«መገኘትዎን ነው የሚለው፣ እማማ።»

«ወላሂ በል።»

ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ግን ይህ ማንንም አይገርምም። «ወላሂ» አልኩ። ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ።

ከወራት በኋላ የኮሚቴው ሪፖርት ኮምቦልቻ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታደለ። የኩታበርን ገጽ ገለጥኩ። ወንድ ልጅ የሌላት መበለት መሬት በሟቹ ወንድም እጅ እንዲሆን ተሰብሳቢው በሙሉ ድምፅ ተስማማ ይላል። ከኋላው ያ ዝርዝር ተያይዟል። የሴትየዋ አሻራ አለ፤ ንግግራቸው የለም።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ዳኛው ቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«አሻራው የተሰብሳቢዎቹ አይደለም?» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

ሐሳቡ ሕግ ሆኖ አልወጣም፤ ኮሚቴውም ፈረሰ። ገጹ ግን ፎቶ ኮፒ ሆኖ ኩታበር ደረሰ። የባላቸው ወንድም ለሽማግሌዎች አሳየ፤ እነሱም ሴትየዋን «አንቺው ፈርመሽ!» አሏቸው።

ደብተሬን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ። ሴትየዋ በስብሰባው የተናገሩትን እንዳለ አነበብኩ። አንደኛው ጎንበስ ብለው አዩት።

«እዚህ ላይ አሻራዋ የታል?»

አልነበረም። ሴትየዋ ያን ጣታቸውን ሻሻቸው ውስጥ እንደያዙ አዩኝ።

«ደብተርህን እጠፍ፣ ልጄ» አሉ።

በዚያ ክረምት መሬቱን የባላቸው ወንድም አረሰው።