የውሃው መልእክትና ጎረቤቴ

ትናንት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ውሃ ወደ ሰፈራችሁ ሲለቀቅ እንድናሳውቃችሁ በትንሽ ወርሃዊ ክፍያ ተመዝገቡ ይላል። ቆሜ አነበብኩት፤ ቁጭ ብዬም ደገምኩት። የወጣትነቴ ሥራ ነበረና።

ያኔ ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ቢሮ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ከተማዋን ስማርት ሲቲ ለማድረግ ከታሰቡት ሥራዎች የውሃው መልእክት ለእኔ ደረሰኝ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። ሴቱ ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ቧንቧ ሥር ይውላል። መልእክቱ ያንን ያስቀራል ብለን ነበር። የሙከራው ገንዘብ ሲያልቅ ግን አገልግሎቱ በተመዝጋቢዎች ክፍያ ራሱን መቻል አለበት፤ ካልቻለ ይዘጋል። እቅዱን ስጽፍ እያንዳንዱ ቤት ይመዘገባል ብዬ ነበር።

በጋው ገፋ፤ አቧራው የቢሯችንን መስኮት አለበሰው። ከእኛ ሰፈር የተመዘገበችው ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ብቻ ሆነች፤ ሌላውም ሰፈር ከዚህ አይሻልም።

"ሌላው ሰው ውሃ አይጠጣም እንዴ?" አለኝ አለቃዬ።

ምክንያቱን አውቀው ነበር። እትዬ ዘይነባ መልእክቱ ሲደርሳት ሻርፗን እንኳ ሳታስተካክል ትወጣና በአጥሩ ላይ "ውሃ መጣ" ትላለች። ቃሉ ከአጥር ወደ አጥር ያልፋል። የሰማ ሰው ለምን ይመዝገብ? ይህንኑ ነገርኩት።

"ለራሷ ብቻ እንድትይዘው ንገሪያት" አለኝ።

ሥራ ስሄድ ልጄን የምተወው እርሷ ጋ ነበር። ከቢሮ ስመለስ የእኔ ጀሪካኖች ሞልተው በሯ ላይ ቆመዋል፤ የልጄ ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። እየተንተባተብኩ የተላክሁበትን ነገርኳት።

"ውሃ መጥቶ ዝም ልበል? አላህ ምን ይለኛል?"

"እትዬ፣ ይዘጋል እኮ።"

"እሺ፣ ካንቺ ልጀምራ። ከነገ ጀምሮ ጀሪካንሽን አልሞላም።" ሳቀችብኝ። "ይልቅ ብይ፣ ጎመኑ ቀዘቀዘ።"

እጄን ታጠብኩና በላሁ።

በመጨረሻው ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ "ጥቅሙ የሰፈሩ ሁሉ ከሆነ ወጪውን ከተማው ይሸፍነው፤ በየሰፈሩ ለአንድ ሰው ቢላክ ይበቃል" አልኩ።

"ምጽዋት እቅድ አይሆንም" አለ አለቃዬ። ሌሎቹም ወረቀታቸውን ሰበሰቡ።

ክረምት ሳይገባ አገልግሎቱ ተዘጋ። ጀሪካኖቹ ወደ ሰልፋቸው ተመለሱ። እኔም ልጄን አዝዬ ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ ከመጸለይ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። እትዬ ዘይነባ ቀድማኝ መጥታ ከራሷ ጀሪካን አጠገብ የእኔን አስቀምጣለች። ጌታ ይመስገን።

ትናንት ተመዘገብኩ። እትዬ ዘይነባ አርጅታለች፤ ጆሮዋም ደክሟል፤ ከአጥር ብጠራት አትሰማም። ውሃው ሲመጣ በሯ ድረስ ሄጄ ጮክ ብዬ ልነግራት ነው፤ ያን ጊዜ ሰፈሩም ይሰማል። ይህኛውም ይዘጋ እንደሆነ አላውቅም። ዝም ማለቱን ግን እኔም አልችልበትም።