የሴትዮዋ መደብ

ፌርፋክስ መንገድ ካለው የሐበሻ ሥጋ ቤት ወረፋ ይዤ የትኩስ ሥጋ ሽታ ሲመጣብኝ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴና ጓደኞቹ ለፋሲካ ቅርጫ በሬ ሊገዙ ከሎስ አንጀለስ የሦስት ሰዓት መንገድ ድራይቭ አድርገው አንዲት የከብት አርቢዎች ከተማ ሲሄዱ እንዳስተረጉም ወሰዱኝ። በሬውን የሸጡልን አሮጊት፣ "ድሮ ከብታችንን የሚጭን ባቡር፣ ትምህርት ቤትም ነበረን። ዛሬ ጎረቤት እንኳ የለኝም" አሉኝ። ለነአባቴ ተረጎምኩላቸው።

በሬው ታርዶ ሥጋው ሣሩ ላይ ሲመደብ ከአባቴ ጓደኞች አንዱ፣ ጋሼ ታደሰ፣ አንድ መደብ ጨመሩ።

"የበሬው ባለቤት ከቅርጫው መቅረት የለባቸውም። ሂጂ፣ መጥተው ዕጣ ያውጡ በያቸው።"

አባቴ ደም በነካው ሸሚዝ ተንበርክኳል። ፈረንጅ እንዲህ ሆነን እንዲያየን አልፈለግሁም። ወደ ሴትዮዋ ቤት ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩና፣

"ሥጋ አልበላም አሉ" አልኩ።

ጋሼ በአጥሩ ማዶ ያሉትን ከብቶች አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"ይሁን፣ ልጄ።"

ስንወጣ ከመኪናው መስኮት አየሁ፤ እኛ ስምንት ነበርን፣ አሮጊቷ በረንዳቸው ላይ ዘጠኝ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ደርድረው ቆመዋል። መስኮቱን ዘጋሁ።

አምና በዚያ ሳልፍ አጥሩ እንኳ አልነበረም። ጋሼ ታደሰ ግን በየፋሲካው ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል፦

"እኚያ ሴትዮ ሥጋ መብላት ጀመሩ?"